ሊኑክስን ለሙዚቃ ቀረጻና ቅንብር መምረጥና ማሰናዳት

ከደጀን ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዳንግላ አልፎ ባሕር ዳር በሚደርሰው መንገድ ላይ ባሉ ከተሞች መዝሙር ወይም ዘፈን ለመቅረጽ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በእጁ የሚኖረው አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክራፎንና አንድ በዩኤስቢ የሚሰካ ሳውንድ ካርድ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ላለው ሰው ነው። ኮምፒውተር መጠቀም የሚያውቅ፣ ነገር ግን ሊኑክስን (እንደ ዊንዶውስ ያለ ነፃ ስርዓተ ክወና) ጭኖ የማያውቅ አንባቢ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ከተከተለ፣ ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ሳያስፈልገው ቀርጾ፣ አቀናብሮና ሚክስ አድርጎ ሥራውን ማስረከብ ይችላል።

«የትኛው ሊኑክስ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ሰው የሚሰጠውን ያህል ክብደት የለውም። ሁሉም የሊኑክስ ስርጭቶች፣ ማለትም ተሰናድተው የሚቀርቡት የሊኑክስ ዓይነቶች፣ የሚነሡት ከአንድ ከርነል (የስርዓቱ እምብርት) ነው፤ ድምፅን ከሳውንድ ካርዱ ጋር የሚያገናኘው አልሳ የሚባለው ክፍልም በሁሉም ውስጥ አለ፤ የሚቀርጹበትን ፕሮግራምም በሁሉም ላይ መጫን ይቻላል። የሚለያዩት ለሙዚቃ የሚያስፈልገውን ማስተካከያ ምን ያህል አስቀድመው ሠርተው እንደሚያቀርቡና ለምን ያህል ጊዜ ሳይለወጡ እንደሚቆዩ ነው። የቀረጻውን ጥራት ይበልጥ የሚወስነው ሳውንድ ካርዱ ከሊኑክስ ጋር መስማማቱና በደንብ መሥራት የጀመረ ማሽን በየሳምንቱ አለመነካካቱ ነው።

ደረጃ 1፦ ማሽኑንና ሥራውን መመርመር

በቅድሚያ የላፕቶፑን አቅም ይመልከቱ። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት መሆን አለበት፤ ራሙ 4 ጊጋባይት ከሆነ ድምፅ መቅረጽና ቀለል ያለ ሚክሲንግ ይቻላል፤ በርካታ ሲንተሳይዘሮችንና የድምፅ ናሙናዎችን በአንድ ጊዜ ለማስኬድ ግን 8 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ማሽኑ የሚሽከረከር አሮጌ ሃርድ ዲስክ ካለው፣ ሌላ ማናቸውንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት በኤስኤስዲ ይቀይሩት፤ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ በትንሽ ገንዘብ ከሚደረጉ ለውጦች ሁሉ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ይህ ነው።

ቀጥሎ ሳውንድ ካርዱን ይመርምሩ። ክላስ ኮምፕላያንት የሚባሉት፣ ማለትም የተለየ ድራይቨር ሳይጫንላቸው እንደተሰኩ የሚሠሩት የዩኤስቢ ሳውንድ ካርዶች፣ በሊኑክስም ላይ እንደተሰኩ ይሠራሉ። በገበያችን የሚታዩት እንደ ቤሪንገር ዩኤም2 ያሉት ርካሽ ካርዶች ከእነዚህ ወገን ናቸው፤ የፎከስራይት ስካርሌት ካርዶችም በሊኑክስ ላይ በደንብ ይሠራሉ። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው የአምራቹን ድራይቨር ካላገኙ ፈጽሞ የማይነሡ አሮጌ የፋየርዋየርና የዩኤስቢ ካርዶች ሲያጋጥሙ ነው። አንድ ካርድ ያለ ድራይቨር ከአይፎን ወይም ከአይፓድ ጋር እንደሚሠራ በካርቶኑ ላይ ተጽፎ ከተገኘ፣ በሊኑክስ ላይም የመሥራት ዕድሉ በጣም ከፍተኛ ነው።

ሦስተኛው ምርመራ የሥራውን ዓይነት ይመለከታል፤ ብዙዎች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። አዲስ አበባ ያለ አቀናባሪ የኤፍኤል ስቱዲዮ ወይም የኩቤዝ ፕሮጀክት እየላከልዎት የሚሠሩ ከሆነ፣ እነዚህ ፕሮግራሞች ለሊኑክስ ስላልተሠሩ ፕሮጀክቱን እንዳለ መክፈት አይችሉም። መፍትሔው እያንዳንዱን ትራክ ከዜሮ ሰከንድ ጀምሮ በዌቭ ፋይል አውጥቶ መለዋወጥ ነው፤ ይህ አሠራር በሁለት ስቱዲዮዎች መካከል ከሊኑክስም ውጭ የተለመደ ስለሆነ አቀናባሪው ቅር አይለውም። ሥራዎ በሙሉ ኮንታክት በሚባለው ፕሮግራም የናሙና ስብስቦች ላይ የተመሠረተ ከሆነ ግን፣ በግልጽ ለመናገር፣ ዊንዶውሱን አያጥፉት፤ ሊኑክስን ጎን ለጎን ይጫኑ። የዊንዶውስ ፕለጊኖችን (በቀረጻ ፕሮግራም ላይ የሚጨመሩ ተቀጥላዎችን) ዋይንና ያብሪጅ በሚባሉ ፕሮግራሞች አማካይነት ሊኑክስ ላይ ማስኬድ ይቻላል፤ ሆኖም ቀን ቆርጦ የሚጠብቅ ደንበኛ ያለው ሰው ሥራውን በዚህ ላይ ባያሳርፍ ይመረጣል።

ደረጃ 2፦ ስርጭቱን መምረጥ

በዚህ አካባቢ ላለ ተጠቃሚ ትልቁ መመዘኛ ኢንተርኔት ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበትና ጥቅል በሚገዛበት ቦታ፣ ስርዓቱን ከጫኑ በኋላ ፕሮግራሞችን አንድ በአንድ ከማውረድ ይልቅ፣ የሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ተሰናድቶ የሚመጣ ስርጭት ይሻላል፤ አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ደህና ኔትወርክ ካለበት ያወረዱትን ፋይል ሞጣም ሆነ ቢቸና ወስደው ያለ ኢንተርኔት ሊጭኑት ይችላሉና።

ይህን የሚያሟላና ለጀማሪ የሚመከረው ኡቡንቱ ስቱዲዮ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ያለ፣ ለድምፅ፣ ለምስልና ለቪዲዮ ሥራ የተዘጋጀ የኡቡንቱ ዓይነት ሲሆን፣ የቀረጻ ፕሮግራሙ አርዱር፣ የከበሮ ፕሮግራሙ ሃይድሮጅንና በርካታ ፕለጊኖች ተጭነውበት ይመጣሉ፤ የከርነሉና የተጠቃሚ ፈቃዶች ማስተካከያም አብሮ ተሠርቶ ይመጣል። በየስድስት ወሩ አዲስ ዕትም ይወጣለታል፤ እርስዎ ግን ኤልቲኤስ (ረጅም ድጋፍ ያለው) የሚል ምልክት ያለበትን ብቻ ይውሰዱ። ኤልቲኤስ የሚወጣው በየሁለት ዓመቱ በሚያዝያ ወር አካባቢ ነው፤ ለምሳሌ 24.04 የተባለው እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ነው፤ ለኡቡንቱ ስቱዲዮ የሚሰጠው ድጋፍም 3 ዓመት ነው። በመካከል የሚወጡት ዕትሞች ድጋፋቸው 9 ወር ብቻ ስለሆነ፣ ፋሲካን ጠብቆ መዝሙር ለሚያወጣ ሰው የማያቋርጥ ራስ ምታት ናቸው።

ሁለተኛው ምርጫ ኤቪ ሊኑክስ ነው። መሠረቱ በዴቢያን ላይ የተገነባው ኤምኤክስ ሊኑክስ ሲሆን፣ ገጽታው ኡቡንቱ ስቱዲዮ ከሚጠቀምበት ፕላዝማ ከሚባለው ገጽታ የቀለለ በመሆኑ 4 ጊጋባይት ራም ላለው አሮጌ ላፕቶፕ ይስማማል፤ ለሙዚቃ የሚያስፈልገውም በብዛት ተጭኖበት ይመጣል። ድክመቱ በትልቅ ድርጅት ሳይሆን በጥቂት ሰው ድካም የሚዘጋጅ መሆኑ ነው፤ ችግር ሲያጋጥም መፍትሔ የጻፈ ሰው ማግኘት ከኡቡንቱ ይልቅ ይከብዳል።

ሦስተኛው ዴቢያን ራሱ ነው። እጅግ የተረጋጋና ለዓመታት ሳይለወጥ የሚቆይ ስርጭት ነው፤ ነገር ግን ለሙዚቃ የሚያስፈልገውን ማስተካከያ በሙሉ ራስዎ መሥራት አለብዎት። ሊኑክስን ለሚያውቅ ሰው ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው፤ ለጀማሪ ግን አልመክረውም። ፌዶራ ጃምም ጥሩ ስርጭት ነው፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ዕትም የሚቆየው አንድ ዓመት ከአንድ ወር ያህል ብቻ ሲሆን፣ በየጊዜውም ብዙ ማሻሻያ ማውረድ ስለሚጠይቅ የኢንተርኔት ጥቅልዎን ይጨርሳል።

ስለ ከርነል ብዙ ክርክር ይሰማሉ። ሪልታይም የሚባለው፣ እንደ ድምፅ ያለ መዘግየት የሌለበት ሥራ በጊዜው እንዲከናወን የሚያደርገው ማሻሻያ ለረጅም ዓመታት ከዋናው ከርነል ውጭ ሲዘጋጅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በወጣው የከርነል ዕትም 6.12 ውስጥ ተካቷል። ለዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ተጠቃሚ ግን ኡቡንቱ ስቱዲዮ ይዞት የሚመጣው ከርነል በቂ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ጊዜዎን አያጥፉ።

ደረጃ 3፦ ማውረድና ፍላሽ ላይ ማዘጋጀት

ፋይሉ በርካታ ጊጋባይት ስለሆነ በብራውዘር ሳይሆን በቶረንት ያውርዱት፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላልና። ወርዶ ሲያልቅ የሻ256 ቁጥሩን (የፋይሉን ሙሉነት የሚያረጋግጠውን ረጅም የፊደልና የቁጥር መስመር) በድረ ገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያዩ። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ፋይሉ ጎድሏል ወይም ተበላሽቷል ማለት ስለሆነ አይጫኑት። ከዚያ በኋላ ቢያንስ 16 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ላይ በሩፈስ ወይም በቬንቶይ ይጻፉት። ቬንቶይ ፍላሹን አንድ ጊዜ ካዘጋጀው በኋላ የፈለጉትን ያህል የስርጭት ፋይል እንደ ተራ ፋይል ኮፒ አድርገው መሞከር ስለሚያስችል፣ ኡቡንቱ ስቱዲዮንና ኤቪ ሊኑክስን በአንድ ፍላሽ ይዞ ለማመዛዘን ይመቻል። በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ እንደሚጠፋ አይዘንጉ።

ደረጃ 4፦ ሳይጭኑ መሞከር

ላፕቶፑን በፍላሹ ሲያስነሡ ስርዓቱ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ይከፈታል። በዚህ ጊዜ ሳይቸኩሉ አራት ነገሮችን ያረጋግጡ። ዋይፋይ ይሠራል? በአንዳንድ አሮጌ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው የብሮድኮም ዋይፋይ ድራይቨሩ ለብቻው ካልተጫነለት አይሠራም፤ እንዲህ ከሆነ የስልክዎን ኢንተርኔት በዩኤስቢ ገመድ ያጋሩ። ሳውንድ ካርዱን ሲሰኩ በድምፅ ማስተካከያው ዝርዝር ውስጥ ስሙ ይታያል? ማይክራፎኑን ሰክተው ሲናገሩ የመጠን መለኪያው ይንቀሳቀሳል? ኪቦርድዎ፣ ለምሳሌ ከኋላው «ዩኤስቢ ቱ ሆስት» የሚል መሰኪያ ያለው ያማሃ፣ እንደ ሚዲ መሣሪያ (የተነካውን ቁልፍ ለኮምፒውተሩ የሚነግር መሣሪያ) ይታወቃል? አራቱም ከተሟሉ መጫን ይችላሉ። ሳውንድ ካርዱ በዝርዝሩ ውስጥ ካልታየ በሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳና በሌላ ገመድ ይሞክሩ፤ ያም ካልሠራ ስርጭት በመቀያየር ብዙ አይድከሙ፤ የሚያስፈልግዎት ሌላ ካርድ ነው።

ደረጃ 5፦ መጫን

በመጀመሪያ ሰነዶችዎን በሙሉ በሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ። ዊንዶውስን ለማቆየት ከፈለጉ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ሆነው እሱ የያዘውን የዲስክ ክፍልፋይ ያሳንሱና ባዶ ቦታ ይተዉለት፤ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባለውንም ያጥፉ፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ ዲስኩን በግማሽ ዘግቶት ስለሚተኛ ሊኑክስ በዚያ ላይ ሊጽፍ አይችልም። ለስርዓቱ 60 ጊጋባይት ያህል ይመድቡ፤ ቀሪውን ለቀረጻዎችዎ በተለየ ክፍልፋይ፣ በኤክስት4 ቅርጽ ያዘጋጁት። ቀረጻው ከስርዓቱ ተለይቶ ከተቀመጠ አንድ ቀን ስርዓቱን እንደገና መጫን ቢያስፈልግ ሥራዎ አይነካም።

የሚያስፈልገውን ቦታ ለመገመት ይህን ስሌት ይጠቀሙ። አርዱር በነባሪው በሚጠቀምበት 32 ቢትና በ48000 ሳምፕል ሬት (ድምፁ በሰከንድ የሚለካበት ብዛት) አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 11.5 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮ በሁለት ማይክ፣ ድምፃዊና ሁለት ተቀባይ ሆነው በ8 ትራክ ለአንድ ሰዓት ቢቀርጹ 5.5 ጊጋባይት ይሆናል። ቀረጻ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ተደርጎ አያልቅም።

ደረጃ 6፦ የድምፁን መስመር ማስተካከል

ሥራው ሁሉ የሚበላሸውም የሚቃናውም እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ይህን ክፍል ዘለግ ብለን እናየዋለን።

የመጀመሪያው ነገር ፈቃድ ነው። ተጠቃሚው «ኦዲዮ» በሚባለው ቡድን ውስጥ ካልገባ፣ የቀረጻ ፕሮግራሙ ከሌሎች ፕሮግራሞች ቅድሚያ የማግኘት መብት አይኖረውም፤ ድምፁም ይቆራረጣል። በኡቡንቱ ስቱዲዮ ላይ «ኡቡንቱ ስቱዲዮ ኦዲዮ ኮንፊገሬሽን» የሚለውን ከፍተው ማስተካከያው መደረጉን ያረጋግጡ፤ በዴቢያን ላይ ጃክ የሚባለውን የድምፅ ማስተላለፊያ ፕሮግራም ሲጭኑ «ሪልታይም ቅድሚያ ይፈቀድ?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» ብለው፣ ራስዎን ወደ ቡድኑ ያስገቡ። ለውጡ የሚሠራው ወጥተው እንደገና ሲገቡ ነው።

ሁለተኛው በስርዓቱ ውስጥ ድምፅን የሚያስተላልፈውን መረዳት ነው። ከታች አልሳ አለ፤ በላዩ፣ በአሁኖቹ ስርጭቶች፣ ፓይፕዋየር ይገኛል። ፓይፕዋየር ቀድሞ ፐልስኦዲዮ ለዕለት ተዕለት ድምፅ፣ ጃክ ደግሞ ለሙዚቃ ሥራ ይሠሩት የነበረውን በአንድነት ይዞታል። በቀድሞው ጊዜ ጃክ ሲነሣ የብራውዘሩ ድምፅ ይጠፋ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ማስታረቅ የጀማሪዎችን ልብ የሚያደክም ሥራ ነበር፤ ዛሬ ግን ያ ችግር በአብዛኛው ቀርቷል።

አሁን አርዱርን ይክፈቱ። አዲስ ሴሽን (የአንድ ሥራ ፕሮጀክት) ሲጀምሩ «ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ» የሚል መስኮት ይወጣል። «ኦዲዮ ሲስተም» በሚለው ቦታ ለቀረጻ አልሳን ይምረጡ፤ ይህን ሲመርጡ አርዱር ሳውንድ ካርዱን ለብቻው ይይዘዋል፤ ሌላ ፕሮግራም በዚያ ካርድ ድምፅ ማሰማት አይችልም፤ ለቀረጻም የሚፈለገው ይኸው ነው። የሃይድሮጅንን ከበሮ ወይም የሌላ ፕሮግራምን ድምፅ ወደ አርዱር ማምጣት ሲፈልጉ ግን ጃክን ይመርጣሉ፤ ፓይፕዋየር እንደ ጃክ ሆኖ ይመልሳል፤ ገመዶቹንም ኪውፒደብልዩግራፍ በሚባለው ፕሮግራም እያዩ በማውስ ያገናኛሉ። «ዲቫይስ» ላይ የላፕቶፑን ውስጠኛ ካርድ ሳይሆን የሰኩትን ዩኤስቢ ካርድ ይምረጡ። «ሳምፕል ሬት» 48000 ይሁን፤ ሥራው ከክሊፕ ጋር ሲጣመር ቪዲዮው የሚፈልገው ይህንኑ ነው። 96000 ማድረግ ፋይሉንና የፕሮሰሰሩን ሸክም በእጥፍ ከመጨመር በቀር በእንዲህ ዓይነት ክፍል ውስጥ የሚሰማ ጥቅም የለውም። «ፒሪየድስ»፣ ማለትም በወረፋ የሚያዙት የድምፅ ቁራጮች ብዛት፣ ለዩኤስቢ ካርድ 3 ቢሆን የተሻለ ነው።

የሚቀረው ባፈር ነው። ባፈር ማለት ፕሮሰሰሩ አንድ ጊዜ ተቀብሎ የሚሠራው የድምፅ ቁራጭ መጠን ሲሆን፣ የመዘግየቱም ምንጭ ነው። 256 ሲሆን፣ 256 ለ48000 ሲካፈል 5.3 ሚሊ ሰከንድ ይመጣል፤ 1024 ሲሆን 21.3 ሚሊ ሰከንድ። ድምፁ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ያለው ጠቅላላ መዘግየት ግን ከዚህ ይበልጣል፤ በመውጫው በኩል ባፈሩ በፒሪየድ ብዛት ይባዛል፤ ካርዱም የራሱን ይጨምራልና። ብዙ ሰው ባፈሩን በተቻለ መጠን ዝቅ ለማድረግ ከማሽኑ ጋር ሲታገል ይታያል። ለአብዛኛው ሥራ ግን ይህ ትግል አያስፈልግም። ሳውንድ ካርድዎ ላይ «ዳይሬክት ሞኒተር» የሚል ማብሪያ ካለ ያብሩት፤ ድምፃዊው የራሱን ድምፅ በኮምፒውተሩ በኩል ሳይዞር ከካርዱ በቀጥታ በሄድፎን ይሰማል። በአርዱር ምርጫዎች ውስጥም ሞኒተሪንግ በሳውንድ ካርዱ እንዲከናወን ያድርጉ፤ አለበለዚያ ድምፁ ሁለት ጊዜ እየተደራረበ ይሰማል። ይህ ከተደረገ ባፈሩ 1024 ቢሆንም ማንም አያስተውለውም፤ አሮጌውም ላፕቶፕ እፎይ ይላል። ባፈሩ ወደ 128 ወይም 256 ዝቅ ማለት የሚኖርበት በኪቦርድ ሲንተሳይዘር ሲጫወቱ ብቻ ነው፤ ጣት ከነካ በኋላ የሚዘገይ ድምፅ መጫወት ያስቸግራልና።

በዚያው መስኮት ላይ «ካሊብሬት» የሚል ቁልፍ አለ። የሳውንድ ካርዱን አንድ መውጫ ከመግቢያው ጋር በአጭር ገመድ አገናኝተው፣ የድምፁን መጠን ዝቅ አድርገው ቁልፉን ይጫኑ። አርዱር ምልክት ልኮ የሚመለስበትን ጊዜ ይለካል፤ ልኬቱንም ተቀብሎ ያስተካክላል። ይህ ካልተደረገ፣ አስቀድሞ በተቀረጸ ከበሮ ላይ የሚጨመረው ክራር በእያንዳንዱ ትራክ ጥቂት ጥቂት ወደ ኋላ እየቀረ ይሄዳል፤ ስሕተቱም የተጫዋቹ ይመስላል። ክራር መቺው ምቱን ጠብቆ መትቶ ሳለ ማሽኑ ወደ ኋላ ስላስቀረው መውቀስ አግባብ አይደለም።

በመጨረሻ ይፈትኑ። በአርዱር ላይኛው መስመር ላይ ከፕሮሰሰሩ ሸክም ጎን የሚታይ ቁጥር አለ፤ ድምፁ የተቆራረጠበትን ብዛት ይቆጥራል። ስምንት ትራክ ከፍተው ለአሥር ደቂቃ ይቅረጹ፤ ቁጥሩ ዜሮ ላይ መቆየት አለበት። ከጨመረ በዚህ ቅደም ተከተል ይሞክሩ፦ ሳውንድ ካርዱን ከዩኤስቢ ማከፋፈያ አውጥተው በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሰኩት፤ ዋይፋዩንና ብሉቱዙን ያጥፉ፤ የባትሪውን ምልክት ተጭነው የኃይል አጠቃቀሙን «ፐርፎርማንስ» ላይ ያድርጉት፤ ካርዱን ወደ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያዛውሩት፤ ይህ ሁሉ ካልሆነ ባፈሩን በእጥፍ ያሳድጉ። ዋይፋይ ማጥፋት ሌላም ጥቅም አለው፤ ኡቡንቱ ላይ ያሉት ስናፕ የሚባሉት ፕሮግራሞች በነባሪው በቀን አራት ጊዜ ማሻሻያ እየፈለጉ በራሳቸው ያወርዳሉ፤ በቀረጻ መካከልም አይታቀቡም።

ደረጃ 7፦ ፕሮግራሞችን መምረጥ

ለቀረጻና ለሚክሲንግ አርዱር በቂ ነው። ከስርጭቱ ማከማቻ ሲጭኑት በነፃ ነው፤ ከራሱ ድረ ገጽ የተዘጋጀውን ሲያወርዱ ግን ክፍያ ይጠየቃሉ። ሪፐርም ለሊኑክስ የተሠራ ሲሆን በጣም ቀላልና ፈጣን ነው፤ የ60 ቀን መሞከሪያ አለው፤ ከዚያ በኋላ ግን ፈቃዱ በዶላር የሚገዛ ስለሆነ ክፍያው ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ለሚክሲንግ ኤልኤስፒና ኤክስ42 የሚባሉት ፕለጊኖች፣ ለሪቨርብ ድራጎንፍላይ ይበቃሉ፤ አምሳ ፕለጊን ከመሰብሰብ እነዚህን በደንብ ማወቅ ይሻላል።

ከበሮን በተመለከተ፣ ሃይድሮጅን ውስጥ የሚመጡት የውጭ አገር ድራሞች ለጎጃም እስክስታ አይሆኑም። የራስዎን ኪት ይሥሩ፦ የከበሮውን ሰፊ ፊትና ጠባብ ፊት ለየብቻ፣ በዝግታም በኃይልም እየተመታ ይቅረጹ፤ እያንዳንዱን ምት ቆርጠው በዌቭ ያስቀምጡ፤ ከዚያም በሃይድሮጅን አንድ መሣሪያ ላይ እንደ አመታቱ ኃይል በተለያየ ንብርብር ያስገቧቸው። ቀስ ብለው ሲነኩት የዝግታው፣ ጠንክረው ሲመቱት የኃይሉ ናሙና ይሰማል። ለችክችካ የፓተርኑን መጠን 6/8 ያድርጉት።

ደረጃ 8፦ ማሽኑን ከክራሩ ጋር ማስማማት

በአገራችን ቅንብሮች ውስጥ በብዛት የሚሰማው ጉድለት ክራርና ማሲንቆ ከኪቦርዱ ጋር ሳይስማሙ መቀረጻቸው ነው። ክራር የሚቃኘው በድምፃዊው ጉሮሮ ልክ ነው፤ ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺ ሆዬ ሲቃኝ ድምፆቹ የፒያኖውን እኩል ክፍፍል በትክክል አይከተሉም። ብዙ አቀናባሪዎች ክራር መቺውን በኪቦርዱ ልክ እንዲቃኝ ያስገድዱታል። ተገላቢጦሹ ይሻላል፤ በሊኑክስ ላይ ባሉት ነፃ መሣሪያዎችም ከባድ አይደለም።

በመጀመሪያ ክራሩ በልማዱ ከተቃኘ በኋላ እያንዳንዱን ክር ለየብቻ ይቅረጹ። በትራኩ ላይ የኤክስ42ን ቱነር ከፍተው እያንዳንዱ ክር ከፒያኖው ድምፅ በስንት ሴንት ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ ይጻፉ፤ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። ከዚያ በጽሑፍ ማረሚያ ስካላ የሚባለውን የቅኝት ፋይል ይሥሩ። የፋይሉ መጀመሪያ መስመር መጠሪያ ነው፤ ሁለተኛው የድምፆቹ ብዛት ነው፤ ከዚያ እያንዳንዱ ድምፅ ከመነሻው ያለው ርቀት በየመስመሩ ይጻፋል፤ መነሻው ድምፅ ራሱ አይጻፍም። የኪቦርዱ ቁልፎች ከለመዱት ቦታ እንዳይዛወሩ አምስቱን ድምፅ ብቻ ሳይሆን አሥራ ሁለቱንም ይጻፉ። ለምሳሌ በትዝታ ሜጀር ሦስተኛው ድምፅ ከፒያኖው 14 ሴንት ዝቅ ብሎ ከተገኘ ፋይሉ እንዲህ ይሆናል፦

tizita
12
100.0
200.0
300.0
386.0
500.0
600.0
700.0
800.0
900.0
1000.0
1100.0
2/1

እዚህ ላይ ነጥቧን አይርሱ። በዚህ የፋይል ዓይነት ነጥብ ያለው ቁጥር ሴንት ሲሆን፣ ነጥብ የሌለው ቁጥር ግን የንዝረት ንጽጽር ተደርጎ ይነበባል፤ 386 ብለው ያለ ነጥብ ከጻፉ ማሽኑ ድምፁን 386 ጊዜ ከፍ አድርግ እንደተባለ ይረዳዋል። የመጠሪያውን መስመር ለጥንቃቄ በላቲን ፊደል ይጻፉት፤ ፋይሉንም በኤስሲኤል ቅጥያ ያስቀምጡ። ሰርጅ ኤክስቲ የሚባለው ነፃ ሲንተሳይዘር ፋይሉን በማውስ ጎትተው ሲጥሉበት ወዲያው ይቀበለዋል፤ ዮሺሚም የራሱ የቅኝት መስኮት አለው። መነሻው ድምፅ ራሱ ከፒያኖው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ከሆነ ደግሞ የሲንተሳይዘሩን ጠቅላላ ቅኝት በዚያው ልክ ይቀይሩ።

ደረጃ 9፦ መብራት፣ እምታና መጠባበቂያ

ሲቀርጹ የማያቋርጥ እምታ (እንደ «እምም» ያለ ወፍራም ድምፅ) ከተሰማ የላፕቶፑን ቻርጀር ይንቀሉ። እምታው ከጠፋ ምንጩ አርዝ የሌለው ሶኬት ወይም ዲቫይደር ነው፤ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ እምታው በ50፣ በ100 እና በ150 ኸርዝ ላይ ጎልቶ ይታያል። በኢኪው ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፤ ሆኖም የከበሮውንም ግርማ አብሮ ስለሚወስድ፣ ቀረጻውን በባትሪ ማካሄድ ወይም ሶኬቱን በኤሌክትሪክ ባለሙያ ማሠራት ይመረጣል። በክረምት ደግሞ የቆርቆሮ ጣሪያን የዝናብ ድምፅ የሚያጠፋ ፕለጊን ስለሌለ፣ የማሲንቆውን ቀረጻ ለጠዋት ይመድቡ።

መብራት ድንገት ሲጠፋ ደህና ባትሪ ያለው ላፕቶፕ አይጠፋም፤ ዴስክቶፕ የሚጠቀሙ ከሆነ ግን ዩፒኤስ ያስፈልጋል። አርዱር በቀረጻ መካከል ቢዘጋ እንኳ የተቀረጸው ድምፅ በዲስኩ ላይ ስለሚቆይ፣ ሴሽኑን እንደገና ሲከፍቱ ልመልሰው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ «ሪከቨር» የሚለውን ይምረጡ።

ማሽኑ በደንብ መሥራቱን ካረጋገጡ በኋላ ታይምሺፍት በሚባለው ፕሮግራም የስርዓቱን መጠባበቂያ ቅጂ ይያዙ፤ አውቶማቲክ ማሻሻያውንም ያጥፉ። ማሻሻያ የሚደረገው አንድ አልበም ተጠናቆ ሌላው ሳይጀመር፣ አዲስ የታይምሺፍት ቅጂ ከተያዘ በኋላ ነው። ታይምሺፍት የሚጠብቀው ስርዓቱን እንጂ ቀረጻዎችዎን ስላልሆነ፣ የአርዱርን የሴሽን ፎልደር በሙሉ በየቀኑ ማታ ወደ ውጭ ዲስክ ይገልብጡ፤ ሴሽኑ የሚባለው አንድ ፋይል ብቻ ሳይሆን ድምፆቹ ያሉበት ፎልደር ሁሉ ነውና፣ አርዱር ተብሎ የተሰየመውን ፋይል ብቻ የገለበጠ ሰው ምንም አልገለበጠም።

ለአቀናባሪ ወይም ለደንበኛ ሲያስረክቡ በአርዱር «ኤክስፖርት» ውስጥ «ስቴም ኤክስፖርት» የሚለውን ተጠቅመው ሁሉንም ትራክ ከአንድ መነሻ፣ በ24 ቢት ዌቭ ያውጡ። የሚያስረክቡበትን ፍላሽ አስቀድመው ይመልከቱ፤ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልምና፣ ዚፕ አድርገው አንድ ትልቅ ፋይል ከማድረግዎ በፊት ፍላሹን በኤክስፋት ፎርማት ያድርጉት፤ ዊንዶውስም ማክም ያነብቡታል።